ገራዡ ዳምጤና የሙሴ ሙሴ ልጅ

በመቱ ከተማ ዳምጤን የማያውቅ ወንድ አልነበረም፤ ቢኖር እንኳ ዳምጤ እሱን ያውቀዋል። ሥራው መግረዝ ነበርና። ጣሊያን ከመግባቱ በፊትም ሆነ ከወጣ በኋላ፣ በከተማው ከተወለዱት የክርስቲያን ልጆች አብዛኞቹ በስምንተኛው ቀናቸው በእሱ እጅ አልፈዋል። እሱም ይህን አይረሳም፤ ባለጉዳዮቹም እንዲረሱት አይፈቅድም። ገበያ መሀል አንድ ጎረምሳ ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ካየ፣ «አንተ! ቀስ በል እንጂ። እኔ ፊት እንዲህ አይኮንም፤ ለቅሶህ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ» ይለዋል። ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ የቃሪያና የሽንኩርት ሻጮቹም በሳቅ ይፈርሳሉ።

ዳምጤ አጠር ያለ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ጢሙን የሚያሳምር ሰው ነው። አባቱ ከመንዝ ከጦር ጋር መጥተው ጎሬ የሰፈሩ ወታደር ነበሩ። ልጃቸው ዲያቆን እንዲሆንላቸው የኔታ ዘንድ አስገቡት። ፊደሉን ቶሎ ለየ፤ ነገሩ የተበላሸው ዜማው ላይ ነው። ድምፁን ሲያወጣ የታመመ ልጅ እየመሰላቸው ውኃ የሚያመጡለት ደግ ሰዎች ነበሩ ይባላል። ከዜማው በላይ ያስመታው ግን ጥያቄው ነው። የጥር ግዝረት በዓል ሲከበር የኔታ ስለ አብርሃም ቃል ኪዳን ሲያስተምሩ ትንሹ ዳምጤ ተነሣና፣ «የኔታ፣ እግዚአብሔር የማይፈልገው ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ፈጠረው?» አለ። የኔታ መልሱን በአለንጋ ሰጡት። መልሱ ጀርባው ላይ ሰንብቶ ጠፋ፤ ጥያቄው ግን አልጠፋም። ከዚያ በኋላ የዲቁና ትምህርቱን ትቶ ገራዥ የነበረውን አጎቱን ተከተለ። ሌላውን ሰው የሚያስጨንቀው ሥራ ለእሱ ቀለለው፤ እጁ ፈጣን፣ ዓይኑ የተረጋጋ ሆኖ ተገኘ። ጥያቄውን ግን ዳግመኛ ለማንም አላነሣም። ሳያውቅ ቆረጠ፣ ሳያውቅ አረጀ።

ሚስቱ ጥሩነሽ ከያዮ በሚመጣ ማር ጠጅ እየጣለች ትሸጣለች። የዳምጤ ዝና ከአፉ ወጥቶ ጣሪያ ሲደርስ ወደ መሬት የምትመልሰው እሷ ናት። እሱ በጠጅ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ፣ «መቱን የገነባሁት እኔ ነኝ» ሲል፣ «ገነባህ ወይስ ቆረጥህ?» ትለዋለች፤ ጠጪው ሁሉ ይስቃል። እሱም መጨረሻ ላይ ይስቃል፤ እስኪስቅ ግን ትንሽ ይቆያል።

በእነዚያ ዓመታት መቱ ውስጥ ቡና፣ ቆዳና ሰም የሚገዛ አንድ የውጭ ነጋዴ ነበር። ከባሕር ማዶ ከኤደን ወደብ የመጣ ሰው ነው። አረብኛ ስለሚናገርና ሱቅ ስላለው ከተማው «አረብ» ብሎ መዝግቦት ነበር። በኋላ ግን ሰዉ ግራ ተጋባ። ቅዳሜ ገበያው ጢም ብሎ ሳለ ይህ ሰው ሱቁን ቆልፎ ነጭ ለብሶ ቤቱ ይውላል። ሥጋ ከማንም አይገዛም፤ ዶሮውን ራሱ ያርዳል። ቡና የሚያቀርብለት የያዮው ሰው ኩምሳ አንድ ቀን፣ «ኦቦ፣ አንተ የማን ወገን ነህ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም ሳይደብቅ፣ «አይሁዳዊ ነኝ፤ የአብርሃም የይስሐቅ የያዕቆብ ልጅ» አለ። ጥሩነሽ ይህን ስትሰማ፣ «ታዲያ ሰንበትን የሚያከብር ሰው ጎረቤታችን መሆኑ ምን ይጎዳናል?» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ስሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። የውጭ ሰው ሁሉ በከተማው፣ በፈረንጅ አፍ አቶ ለማለት፣ «ሙሴ» ተብሎ ይጠራል፤ ግሪኩም ሙሴ፣ አርመኑም ሙሴ። የዚህ ሰው እውነተኛ ስም ደግሞ ራሱ ሙሴ ነው። ስለዚህ «ሙሴ ሙሴ» ተባለ። ከጎሬ አዲስ የመጣ አንድ ጸሐፊ ሰዉ ሁሉ የሚንተባተብ መስሎት ነበር አሉ።

ሙሴ ሙሴ ሚስቱን ሐናን ከአዲስ አበባ ይዟት የመጣው ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። ክረምት ሳይገባ ሊመልሳት አስቦ ነበር። አዲስ አበባ ወገኖቹ አሉ፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ የራሳቸው ገራዥም አለ። ዝናቡ ግን የሙሴን አሳብ አልጠየቀም። ሰኔ ሲጋመስ የጭነት መኪኖቹ በየጭቃው ተቀርቅረው ቀሩ፣ ከበደሌ ወዲህ መውጫም መግቢያም ጠፋ፤ ሐናም በአንድ ዝናባማ ጠዋት ወንድ ልጅ ወለደች። ካዋለዷት ሴቶች አንዷ ጥሩነሽ ነበረች።

ጥሩነሽ ወደ ቤቷ ስትመለስ ዳምጤን ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ወንድ ነው?» አላት።

«ወንድ ነው። አንተ ደግሞ እንኳን ማርያም ማረቻት ማለት እንኳ ያቅትህ?»

«እንኳን ማርያም ማረቻት። ወንድ ነዋ!» አለና ምላጩን ሊስል ገባ።

ከሰዓት በኋላ ሙሴ ሙሴ ራሱ መጣ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፤ ፊቱ ላይ ደስታና ጭንቀት ይጋፋሉ። ዳምጤ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ የሚለመን ሰው እንደሚቀመጠው ሆኖ ተቀበለው።

«ጋሼ ዳምጤ፣ ስለ ልጁ ነው የመጣሁት» አለ ሙሴ።

«አውቄያለሁ። አታስብ። በስምንተኛው ቀን ነው፤ ቀኑን እኔም አውቃለሁ። ስንቱን አሳልፌያለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን ያመጣኝ ሌላ ልመና ነው። እንዲያስተምሩኝ ነው።»

«ምኑን?»

«መግረዙን። የምገርዘው እኔ ነኝ።»

ዳምጤ መጀመሪያ የሰማውን አላመነም። ወደ ጥሩነሽ ዞሮ ተመለከተ፤ እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«እጄ ምን ሆነና ነው?» አለ በመጨረሻ። «ወይስ ከበሬ አራጅ ቆጠርኸኝ?»

ሙሴ ደነገጠ። «ኧረ ጋሼ! በእርስዎ እጅ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። በሕጋችን ትእዛዙ የወደቀው በአባት ላይ ነው። አባት እጁ ካልደፈረ ከወገኑ አንዱን ይወክላል። እዚህ ከእኔ በቀር የወገኔ ሰው የለም።»

«እኔም በስምንተኛ ቀኔ ነው የተገረዝሁት!»

«አውቃለሁ። እርስዎም የገቡበት ቃል ኪዳን አለ። ይኼኛው ግን እኔ ለልጄ ማስረከብ ያለብኝ ነው። አባቴ ለእኔ አስረክቧል፤ የሱ አባት ለእሱ። እኔ ጋ ሲደርስ ቢቋረጥ ምን እላለሁ?»

ዳምጤ አኮረፈ። ኩርፊያው ቀላል አልነበረም፤ በማግስቱ ጠጅ ቤቱ ውስጥ መቱን ስለ መገንባቱ አንድም ቃል ሳይናገር ዋለ። ጠጪዎቹ የታመመ መሰላቸው። ማታ ጥሩነሽ፣ «ሰውየው እጅህን ንቆ አይደለም፤ አባት መሆን ፈልጎ ነው» ብትለው ጀርባውን ሰጥቶ ተኛ። ጠዋት ሲነሣ ግን ቀጥታ ወደ ሙሴ ቤት ሄዶ በሩን አንኳኳና፣ «ቃሪያ አለህ?» አለው።

ትምህርቱ የተጀመረው በቃሪያ ነው። ዳምጤ አጎቱ እሱን እንዳስተማረው አደረገ፤ የቃሪያውን ጫፍ በሁለት ጣት ሳብ አድርጎ መያዝ፣ ምላጩን ማጋደል፣ ሳያመነቱ አንድ ጊዜ መሳብ። ሙሴ ዶሮ ሲያርድ እጁ የማይሳሳት ሰው ነው፤ ቃሪያውንም ደህና ቆረጠ። ግን ዳምጤ፣ «እንግዲህ ይኼ ልጅህ ነው እንበል» ባለ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጣል። ቃሪያው ተሰነጠቀ፣ ፍሬው ተበተነ፤ ሙሴም ረስቶ በዚያው እጁ ዓይኑን አሽቶ እያለቀሰ ጓሮ ወጣ። ሐና ከመኝታዋ ሆና የሚያለቅሰው ስለ ልጁ መስሏት እሷም አለቀሰች።

ኩምሳ ቡና ሊያስረክብ ሲመጣ ጫፋቸው የተቆረጠ ቃሪያዎች በሰፌድ ሙሉ ተሰጥተው አየ። ነገሩ ሲነገረው ቃሪያዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ተመለከተና፣ «ጋሪዳ! መልካም ነው! ሁሉም አምነዋል» አለ። በዚያ ሳምንት ሁለቱም ቤቶች ራስ የሌለው ቃሪያ ሲበሉ ሰነበቱ።

አንድ ከሰዓት ትምህርቱ በዳምጤ ቤት ነበር። ሙሴ ሌላ ቃሪያ ሰነጠቀና ምላጩን አስቀመጠ። «እኔ ሰነፍ ነኝ» አለ። «አባቴ የኤደንን ልጆች በሙሉ ሲገርዝ እጁ ንቅንቅ አይልም ነበር።»

ዳምጤ ደረቱን ነፋ። «እንግዲህ እጅ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው። የኔ እጅ ከልጅነቴ ጀምሮ...»

«የበኩር ልጁ የተወለደ ጊዜ ግን» አለች ጥሩነሽ ጠጅ እያጠለለች፣ «ይኼ እጅ ምላጭ ቀርቶ ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነበር። ከጎሬ ሰው በበቅሎ ነው ያስመጣነው። እሱ ራሱ በሬዎቹ ጠፉ ብሎ ጫካ ገባ። በሬ አልነበረንም።»

ሙሴ ቀና ብሎ ዳምጤን አየው። ዳምጤ ምላጩን አገላበጠ፣ ጣሪያውን ተመለከተ። ከዚያ ሳይወድ ፈገግ አለ። «የራስ ልጅ ሌላ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች ተግባቡ።

በመግባባታቸው ነው ዳምጤ ያን የቆየ ጥያቄ ያወጣው። ዙሪያውን ተመለከተ፤ አለንጋ የያዘ ሰው አልነበረም።

«ሙሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እግዚአብሔር ካልፈለገው ለምን ፈጠረው? ሙሉ አድርጎ መፍጠር ተስኖት ነው?»

ሙሴ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ፊቱ በራ። «ይህን እኛም ዘንድ ትልልቆቹ ጠይቀውታል» አለ። «እትዬ ጥሩነሽ፣ ጤፍ ከማሳ እንጀራ ሆኖ ይወጣል?»

«ምነው ቢወጣልኝ!» አለች።

«እግዚአብሔር ጤፉን ሰጠ፤ እንጀራውን ለሰው ተወለት። ሰውንም እንደዚያው። ጨርሶ አልሰጠንም፤ ጥቂት ነገር አስቀርቶ ‹እናንተ ከእኔ ጋር ሆናችሁ ጨርሱት› አለን። አብርሃምን ‹ፍጹም ሁን› ያለው ያን ጊዜ ነው። ይህች ትንሽ ቁራጭ የምታስታውሰን ሥራው እንዳላለቀ ነው። ከሥጋ የሚጀምረው ልብ ጋ ሊደርስ ነው። ልብም የራሱ ሸለፈት አለው ይላሉ፤ የሚያደነድነው፣ ቃል እንዳይገባ የሚከለክለው። እሱን ግን ገራዥ አይቆርጠውም።»

ዳምጤ ምላጩን አስቀመጠ። «ስምንተኛው ቀንስ? እኛ ስምንተኛው እንላለን፤ ለምን ስትለን አብርሃም እንላለን።»

«እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ዐረፈ፤ ስለዚህ ሰባት የዚህ ዓለም ቁጥር ነው። ስምንት ከዚያ በላይ ያለውን ይነካል። ሌላም አለ። ልጁ ስምንት ቀን ከቆየ የግድ አንድ ሰንበት አልፎበታል። ንጉሥ ፊት የሚቀርብ ሰው አስቀድሞ ለንግሥቲቱ እጅ ይነሣል እንደማለት ነው፤ ንግሥቲቱ ሰንበት ናት።»

«ይኼ ደግሞ ያምራል» አለ ዳምጤ። ትንሽ አሰበና ደግሞ አፈረ። «ቦታውስ? ስንት ቦታ እያለ እዚያ?»

ሙሴ ሳቀ። «ለታይታ ቢሆን ግንባር ላይ ይደረግ ነበር። ሰው በልብሱ ሸፍኖት የሚሄድ ምልክት ነው፤ ማንም አያጨበጭብለትም። ዘርም ምኞትም የሚወጡት ከዚያ ነው። ሰው ‹ይኼ የራሴ ነው፣ ማንም አይገባበት› የሚለው እዚያ ላይ ነውና፣ ‹እዚህም ላይ አለሁ› ብሎ ማተሙ ነው።»

ማንም አያጨበጭብለትም የሚለው ቃል ዳምጤን አንድ ቦታ ላይ ወጋው፤ የት እንደሆነ ግን ለጊዜው አልታወቀውም። ጥሩነሽ በበኩሏ ሌላ ነገር ይዟታል።

«ሴቶችስ ሙሴ? የእኛን አገር ታውቃለህ። እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እኛ ሴት አንነካም» አለ ሙሴ። «ሽማግሌዎቻችን ሴት ተገርዛ እንደተወለደች ትቆጠራለች ይላሉ።»

ጥሩነሽ የጠጁን ማጥለያ አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ቆመች። «ሰማህ ዳምጤ? እኔ አልቄ ነው የተወለድሁት። የሚቀርህ አንተ ነህ።» ይህን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠቀምበት ኖረች። ወጡ ጨው ሲበዛበት እንኳ፣ «አልቄ የተወለድሁ ሴት አትነቀፍም» ትል ነበር። ከጎረቤቶቿም ሁለት ሦስቱ ሴት ልጆቻቸውን ሳያስነኩ ቀሩ፤ ሲጠየቁ፣ «ጥሩነሽ እንዲህ ብላለች» ይላሉ።

ስምንተኛው ቀን ደረሰ። ሰማዩ ራሱ ለጉዳዩ ፋታ የሰጠ ይመስል ጠዋት ላይ ዝናቡ አባርቷል። ሙሴ ሥርዓቱ ላይ አሥር የወገኑ ወንዶች ቢኖሩ መልካም ነበር ብሎ ቢተክዝም፣ ባይኖሩም ቀኑ አይተላለፍም ብሎ ራሱን አጽናንቷል። ጎረቤት ግን ሰውየውን ብቻውን አልተወውም። ኩምሳ ሚስቱን ዲሪቤን ይዞ ከያዮ በበቅሎ መጣ፤ ቆዳ የሚሸጡለት፣ ሰም የሚያቀርቡለት፣ ቅዳሜ ሱቁ ስለሚዘጋ የሚያጉረመርሙበትም ሳይቀሩ ቤቱን ሞሉት።

ዳምጤ ዘግይቶ ደረሰ። መዘግየቱ ሆነ ብሎ ነው። በነጭ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ምላጩን በአረቄ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ሲገባ ሁሉም ዞሮ አየው፤ ይህን ይወዳል። ከክፍሉ መሀል ሁለት ወንበር አለ። አንዱ ተራ የእንጨት ወንበር ነው። ሌላው በቀይ ሐር ተሸፍኗል፣ መከዳ ተደርጎበታል፣ ከላዩ የሐና የሠርግ ሻሽ ተንጥፎበታል። ዳምጤ አንዳች አላመነታም። «ምን ይኼን ያህል ተቸገራችሁ!» እያለ ጋቢውን ሰብስቦ በቀዩ ወንበር ላይ ጉብ አለ።

ሙሴ ፊቱ ቀላ። ሐና በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች አፏን ያዘች።

«ጋሼ» አለ ሙሴ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ይኼ ወንበር የኤልያስ ነው።»

«ኤልያስ የቱ? የቡሬው ልብስ ሰፊ?»

«ነቢዩ።»

ዳምጤ ፍም ላይ እንደተቀመጠ ሰው ተፈናጥሮ ተነሣ። ወደ ወንበሩ ዞሮ አንዴ ሰገደ፣ እንደገና ሰገደ፤ ከዚያ የተቀመጠበትን መከዳ በጋቢው ጫፍ ጠራረገ። ቤቱ በሙሉ ሳቁን ዋጠ፤ መጀመሪያ ያመለጣት ጥሩነሽ ናት፤ ከዚያ ማን ያቆመው!

ሳቁ ሲበርድ ዳምጤ በለሆሳስ፣ «እውነት ይመጣል?» ሲል ጠየቀ።

«በየግርዛቱ ይመጣል ይባላል። ቃል ኪዳኑ መጠበቁን ለማየት።»

ዳምጤ ባዶውን ወንበር ተመለከተ። ያንን ሁሉ ልጅ ሲገርዝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ከአንዱ ጥግ ቆሞ የሚያየው እንግዳ እንደነበረ፣ እሱም «እዩኝ» ሲል እንደኖረ ታሰበው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ሲቀመጥ አልተናገረም።

ከኤልያስ ወንበር ጎን ባለው ተራ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልጁን ጉልበቱ ላይ አስተኙለት፤ ሁለቱን ትንንሽ እግሮች እሱ ያዘ። ሙሴ ነጭ መጎናጸፊያውን ደርቦ በራሱ ቋንቋ ጸለየ፤ ቡራኬውን ሲጨርስ ምላጩን አነሣ። ቃሪያ ላይ የተማረው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ጠፋ። ምላጩ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ልጁ ግን አያለቅስም፤ ዓይኑን ከፍቶ አባቱን ያያል።

«ሂንሶዳቲን! አይዞህ!» አለ ኩምሳ ከኋላ።

ሙሴ ጎንበስ አለ። «ጋሼ ዳምጤ» አለ በማይሰማ ድምፅ፣ «አልቻልሁም። እርስዎ ይውሰዱት።»

ምላጩን ዘረጋለት። ዳምጤ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቃት ቃል ይህች ነበረች። መቱ በሙሉ ተሰብስቦ እያየ ነው። እጁን ቢዘረጋ፣ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ያውም ከእሱ እጅ ሌላ እጅ እንደሌለ እስከ ጋምቤላ ይወራለታል። ጥሩነሽ ባሏን ታውቀዋለችና እሱ እንደሚወስደው እርግጠኛ ሆና ዓይኗን ጨፈነች።

ዳምጤ ግን እጁን ከልጁ እግር ላይ አላነሣም።

«ትእዛዙ የወደቀው አንተ ላይ ነው» አለው። «እኔ ላይ አይደለም። እኔ ይኼውና ይዤልሃለሁ። ክንድህን ከጉልበቴ ጋር አስደግፍ። እንደሱ። አሁን አንዴ ተንፍስ። ልጄ ነው አትበል፤ አባቴ የሰጠኝን ላስረክብ ነው በል።»

ሙሴ ክንዱን አስደገፈ። አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ምላጩ ወረደ፤ ልጁም ጮኸ፣ ነገሩም አለቀ። ጥሩነሽ ዓይኗን ስትገልጥ ባሏ ልጁን እንደያዘ ነው፤ ፊቱ ረጥቧል፣ ሙሴም ጎንበስ ብሎ ግንባሩን የዳምጤ ትከሻ ላይ ጥሏል። ዳምጤ በኋላ ሲጠየቅ አረቄው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው አለ። አረቄው የነበረው ከሌላው ጥግ ነው።

ሙሴ ድምፁ ሲመለስለት ለተሰበሰበው ሰው በአማርኛ ተናገረ። በእነሱ ሥርዓት ተሰብሳቢው ልጁን ይመርቃል። «ወደ ቃል ኪዳኑ እንደ ገባ፣ ወደ ትምህርት፣ ወደ ትዳርና ወደ መልካም ሥራ ይግባ» በሉልኝ አለ። ምርቃት መቱን አያስቸግራትም። ሽማግሌዎቹ አሳምረው አሉት፣ ኩምሳም በኦሮምኛ አስረዝሞ ደገመው፤ «አሜን» እና «ሃ ታኡ» ተቀላቅለው ቤቱን አናወጡት።

«ስሙስ?» አለች ዲሪቤ። ስሙ እስከዚያች ሰዓት አልተነገረም ነበር።

«ይስሐቅ» አለ ሙሴ። «ከሁሉ አስቀድሞ በስምንተኛ ቀኑ የተገረዘው እሱ ነው። ትርጉሙም ይስቃል ማለት ነው።»

ዳምጤ ቀና አለ። ያመለጠው ዲቁና ተቀሰቀሰበት። «ይስሐቅ... ሳቅ! የእኛው ቃል አይደለም እንዴ?» አለ። ልጁም ጉልበቱ ላይ እንዳለ የዳምጤን ነጭ ጋቢ አረጠበው። የዚያን ቀን ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው በለጠ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ለትንሽ ጊዜ ዳምጤን አማው። «አይሁድ ሆነ አሉ» ተባለ፤ አንድ ቄስ ጠርተው ጠየቁት። ዳምጤም፣ «አባቴ፣ እኔ እግር ነው የያዝሁት» ብሎ መለሰ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ሙሴ ሙሴ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሱቁን ለሌላ ነጋዴ ለቀቀና ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሄደ። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም አገር ገባ ተባለ። ሲሰናበቱ ሁለቱ ሰዎች ሶር ወንዝ ድረስ አብረው ሄዱ፤ ብዙም አልተነጋገሩም። ይህም ለዳምጤ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዳምጤ ተለወጠ ቢባል ጥሩነሽ አትስማማም። እስከ መጨረሻው ጢሙን እንዳሳመረ፣ ጠጅ ቤቱ ጥግ እንደተቀመጠ ነው። ሆኖም ሰዎች ሁለት ነገር አስተዋሉ። አንደኛው፣ ልጅ ሲገርዝ አባትየው በሬ ጠፋብኝ ብሎ እንዲሸሽ አይፈቅድም፤ ጎኑ አስቀምጦ የልጁን እግር ያስይዘዋል። በዚህ የተነሣ የወደቁ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ከኡካ የመጣ አንድ ወታደር ሙሉ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ተዘርሮ ውኃ ደፍተውበታል። ሁለተኛው፣ ጎረምሶቹን ገበያ መሀል ማሳፈር ተወ። ጎረምሶቹ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ በኋላ ግን ቅር እያላቸው ራሳቸው እየመጡ፣ «ጋሼ ዳምጤ፣ እኔንስ አያስታውሱኝም?» ይሉት ጀመር። እሱም፣ «አስታውሳለሁ። አባትህ ደህና ነው?» ብሎ ያልፋል።

ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ በከተማው ሐኪም ቤት ተከፍቶ፣ አራርሳ የሚባል ቁስል የሚያክም ወጣት ድሬሰር ተሾሞ ነበር። ሰዉ ዳምጤ ጦር ይመዛል ብሎ ጠበቀ። አንድ ጠዋት በየነች የምትባል ወላድ ጎረቤቱ ልጇን ታቅፋ ደጁ ብትመጣ፣ ዳምጤ ከዘራውን አንሥቶ ቀደመና፣ «ነይ፣ እኔ አደርስሻለሁ» ብሎ ወደ ሐኪም ቤቱ ወሰዳት። አራርሳ ሽማግሌውን ሲያይ ደነገጠና ከወንበሩ ተነሣ።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አለው ዳምጤ። «ዓይንህ የኔን የድሮውን ያህል ባይሆንም ከኔ የዛሬው ይሻላል። አባትየውን ብቻ እንዳታስወጣው። ደግሞ ምላጩን አጋድለው... ሳትፈራ አንድ ጊዜ... አይ፣ በቃ። ዝም ብያለሁ።»

ዝም አላለም። ከውጭ መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ ልጁ እስኪያለቅስ ድረስ ሲመክር ቆየ።